ማር ሲሰፍሩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት «ብርሌ» የሚል ርእስ የሰጠሁት ግጥም ጽፌ ነበር። የጌሾ ቅጠል ከማር ጋር ሲዋሐድ፣ መራራው ለጣፋጩ ሲገዛ፣ የሰው ልጅ ኑሮም እንዲሁ ሲሆን… ይህን ሁሉ ደርድሬበታለሁ። ወዳጆቼ ወደዱልኝ። ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ለእናቴ ሳነብላት ግን ዝም ብላ አዳመጠችና «ቅጠሉ ለጠላ ነው፤ ለጠጅ እንጨቱ ነው» አለችኝ። ሌላ ሂስ አልጨመረችም።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ የምቈጥር ሰው ነኝ። አንድ ብር ቢጎድል ሒሳቡ ሳይዘጋ ወደ ቤቴ አልሄድም። ግጥም ስጽፍ ግን የማላውቀውን እንደማውቀው አድርጌ ስደረድር የጠየቀኝ አልነበረም። ያን ዕለት ያሳፈረኝ ስሕተቱ ብቻ አይደለም። እናቴ በየዓመቱ ጠጅ ስትጥል እያየሁ አድጌ፣ ከዚያ ሁሉ ሥራ በእጄ የቀረው ቃሉ ብቻ መሆኑ ነው።

የዛሬው ክርክሬም ከዚሁ ይነሣል፦ ጠጅን በስንኝ የምናወድስ ሰዎች አስቀድመን አጣጣሉን እንማር፣ እንጻፈውም።

«ይህማ የጓዳ ጉዳይ ነው፤ ሥነ ጽሑፍን ምን አገባው?» የሚሉኝ አሉ። በቀድሞ ዘመን ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። ገባሩ ማሩን ይገብራል፤ ጠጁ በግብር አዳራሽ ይፈስሳል። በዐፄ ምኒልክ ግብር የተቀመጡ የውጭ አገር እንግዶች ሳይቀሩ ያዩትን በየቋንቋቸው ጽፈው አልፈዋል። ጋኑን ያጠነችው፣ ማሩን በእጇ ያሸችው ሴት ግን በአብዛኛው ስሟም ልኳም አልተጻፈም። ጽሕፈቱ የጠጪው ሆኖ ቀረ። እኔም በግጥሜ ከጠጪዎቹ ጎን ነበርሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእናቴ የራሷ ነው። ዋሽንግተን የምትኖረው እኅቴ በስልክ ልኩን ስትጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ «እያየሽ ጨምሪ» ነው። ጌሾው እዚያም በሐበሻ ሱቅ ይገኛል፤ ማሩም አይታጣም። በስልክ የማይሄደው ማየቱ ነው። በመጻሕፍት የታተመ የጠጅ አሠራር መኖሩን አውቃለሁ፤ የእናቴ ግን በየትኛውም መጽሐፍ የለም።

ስለዚህ ባለፈው ጥር የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ፣ ደብተር ይዤ ከጎኗ ተቀመጥሁ። እርሷ በእፍኝና በዐይን ትሰፍራለች፤ እኔ ከመክተቷ በፊት ተሽቀዳድሜ በጣሳ እለካለሁ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጢስ ታጠነ። 3 ጣሳ ማር ከነሰፈፉ፣ 9 ጣሳ ውኃ፤ አንድ ለሦስት ማለት ነው። በእጅ ታሽቶ፣ ተከድኖ፣ ሙቀት ካለበት ጥግ 3 ቀን ተቀመጠ። ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ተገፈፈ። ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ እንጨት ጌሾ ከብርዙ ላይ ተቀንሶ በተወሰደው ፈላ፤ ሲቀዘቅዝም ወደ ጋኑ ተመለሰ። እርሾ አልተጨመረበትም፤ ከማሩና ከጌሾው ጋር የመጣው ይበቃዋል። በየቀኑ ይማሰላል። በሳምንቱ ጌሾው ወጣ። በ18ኛው ቀን፣ ጠርቶ ሲገኝ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠለለ። በቆላ ቢሆን ቶሎ ይደርስ ነበር አለች፤ እርሱንም ጻፍሁ።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ በተከራየኋት ክፍል ብቻዬን ሞከርሁ። ጋን ስለሌለኝ በጀሪካን ጣልሁ፤ ክዳኑንም እንደ ካዝና ጠርቅሜ ዘጋሁት። በአምስተኛው ሌሊት ክዳኑ ፈንድቶ ጣሪያ መታ። አከራዬ ጥይት የተተኮሰ መስሏቸው ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ለእናቴ ደውዬ ብነግራት ስቃ ስቃ ሲደክማት «አንተ ልጅ፣ አፉን አፍነኸው ኖሯል! ይተነፍሳል እኮ!» አለችኝ። ደብተሬን ገልጬ ብፈልግ ይህ ቃል የለም። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «ይህማ ይጠፋሃል ብዬ!» አለች።

ያን ሌሊት አንድ ነገር ገባኝ። የእጅ ዕውቀት ባለቤቱ ስለሚያውቀው ብቻ ተዘርዝሮ አይነገርም፤ የሚወጣው ሌላው ሲሳሳት ነው። የጌሾውን እንጨት የነገረችኝ ግጥሜ ስለተሳሳተ፣ የክዳኑን ነገር የነገረችኝ ጀሪካኑ ስለፈነዳ ነው። ስለዚህ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ የጻፉትን ይዞ መሞከር፣ መሳሳትም ያስፈልጋል፤ የሚያርመን ሰው በሕይወት ሳለ። ዛሬ አንዳንዱ ጠጅ ቤት ማሩን በስኳር አሳስቶ ቢጫ ቀለም ሲጨምርበት ሒሳብ ከፍለን የምንወጣው፣ እውነተኛውን የምንለይበት ልክ በቤታችን ስላልቀረ አይደለምን?

«ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይላሉ አበው። እኛ ንግግሩን ይዘን ስፍሩን ለእናቶቻችን ትተናል። የእናቴ እጅ ዘንድሮ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ጠጁን ስትቀዳልኝ ብርሌውን በሁለት እጇ ነበር የያዘችው። እኔ እንዳላየ ሆንሁ፤ ይህንን ግን በደብተሬ አልጻፍሁትም።

ሁለተኛውን ጥንስስ በዚህ ሳምንት ጥያለሁ፤ ክዳኑ ላልቷል። ግጥሙንም አርሜዋለሁ። «ቅጠል» ይል የነበረው «እንጨት» ሆኗል። ቤት አልመታ አለኝ፤ እንዲሁ ተውሁት።