በመስተዋት ላይ የቀረች አምባ

በባሕር ጠረፍ የቆሙ የጥንት ግንቦችን ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር ቅናት ቢጤ ይሰማኛል። አንዱ ማለዳ ያነሣቸዋል፣ ሌላው ማታ፤ አንዱ ከማዕበሉ ጋር፣ ሌላው ከጭጋጉ ጋር። የእኛዋ መቅደላ ከባሕር ሩቅ ናት፤ ግንቧም ገደሏ ነው። ጥንታውያን ፎቶግራፎች እንደሌሏት ግን እንዳይመስላችሁ። አሏት። ያነሧቸው ሊያፈርሷት የመጡ ሰዎች ናቸው እንጂ።

እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። በልጅነታችን መቅደላን የምናውቃት በቴዎድሮስ ሽጉጥ ብቻ ነበር። ፎቶግራፎቹን ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህም እረፍት አልሰጡኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄኔራል ናፒየር በዙላ ባሕር ዳርቻ ያሰፈረው ጦር ወደ 13,000 ወታደር ነበረው። ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች፣ ከባሕሩ ዳር ወደ ውስጥ የተዘረጋ ባቡር ሐዲድ፣ ደግሞም ከመሐንዲሶቹ ጋር የተመደቡ ፎቶግራፍ አንሺዎች። ከዙላ እስከ መቅደላ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ካሜራ፣ ድንኳን፣ መድኃኒትና መስተዋት ተጭኖ መጣ። የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ በመስተዋት ላይ ነበርና የሚነሣው መስተዋቱ በመድኃኒት ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ ወደ ካሜራው ገብቶ፣ ሳይደርቅ በጨለማ ድንኳን መታጠብ ነበረበት። ብርሃኑን እስኪጠጣም ሰከንዶች ይፈጅበታል። ስለዚህ ድንጋይ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ የተንቀሳቀሰ ሰው ግን ጥላ ይሆናል፣ ወይም ጭራሽ ይጠፋል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። በአራተኛው ቀን አምባዋ ነደደች። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ በሩን፣ ገደሉንና ሰፈሩን አንሥተዋል። የቴዎድሮስ ፊት ግን በሥዕል እንጂ በፎቶግራፍ አልቀረልንም፤ በዕለቱ አስከሬናቸውን በእርሳስ የነደፈው ለብሪቲሽ ሙዚየም ዕቃ ሊሰበስብ የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ነው። በሩ ፎቶግራፍ አለው፤ የበሩ ባለቤት የለውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚህ ፎቶግራፎች ሁለቱን በወረቀት አሳትሜ ወደ ተንታ ይዤ ሄድሁ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ በጣታቸው የተራራውን ጀርባ ተከተሉ። «ይኼ ሥላሴ ነው። ይኼ ፋላ። በዚህ ይወርዳል መንገዱ» አሉኝ። ቀጥለው ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ ሰዎቹስ?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ መስተዋቱና ስለ መድኃኒቱ ላስረዳ ሞከርሁ። «እንዲያ ከሆነ ያልሸሸ ብቻ ነው የቀረው» አሉ፤ ሳቁም።

አንዳንድ ወዳጆቼ እነዚህን ሥዕሎች በአገራችን ግድግዳ ላይ መስቀል የወራሪውን ዓይን መዋስ ነው ይላሉ። ነገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። ፎቶግራፉም እንደ ብራና መጻሕፍቱ ተጭኖ የሄደ ነው፤ ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ቢሆንም አልስማማም። ዓይኑ የእርሱ ቢሆን ገደሉ የእኛ ነው። ደግሞስ እኛ በምን ዓይን አየናት? ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በመድረኩ የሰውየውን ነፍስ አሳይተውናል፤ ዕዳቸው አለብኝ። ከእነርሱ በኋላ የመጣነው ግን ሞቱን ብቻ እየደጋገምን የአምባዋን ሌላ ሕይወት ዘነጋን።

ለወሎ ሰው መቅደላ የጀግና መሞቻ ብቻ አይደለችም። ቴዎድሮስ በነገሡ በወራት ውስጥ ከወሎ ባላባቶች የነጠቋት አምባ ናት። ግምጃ ቤት፣ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡ መጻሕፍት ማኖሪያ፣ እስር ቤትም ነበረች። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከእስር አምልጠው ወደ ወርቂት ሲገቡ፣ በንጉሡ እጅ የነበረው የወርቂት ልጅ በሕይወቱ ከፈለ። ያን ገደል በፎቶግራፍ ሳይ የማስበው ስለ አንድ ሽጉጥ ብቻ አይደለም፤ ስለዚያች እናትም ጭምር ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን መቅደላ ራሷ የሌለችበት ፎቶግራፍ ነው። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ፣ እናቱ ጥሩወርቅ በመንገድ ከሞቱ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በእንግሊዝ ደቡብ ባለችው በዋይት ደሴት በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ተነሣ። ፎቶግራፉ በጥበቡ ይደነቃል። ልጁ ግን አይስቅም። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ግንብ ቅጥር ውስጥ ተቀበረ፤ በ2015 ዓ.ም. ዐፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅም ቤተ መንግሥቱ እንደማይሆን መለሰ። የአባቱ ጠጉር በ2011 ዓ.ም. ተመልሷል።

ዐፅሙንና ብራናውን መጠየቁ ይቀጥል። ፎቶግራፉን ለማተም ግን የማንንም ፈቃድ አንለምንም፤ የተነሡበት ዘመን ከማንም የባለቤትነት መብት አልፏል። ችግሩ መግለጫው ነው። ከሥሩ የተጻፈው የቦታ ስም የእንግሊዝ መኮንን ጆሮ የሰማው ነው፤ እኛም እርሱን ተከትለን አንዱ ኮኪት በር፣ ሌላው ኮኬት በር እያልን እንጽፋለን። የቦታውን ስም የሚያውቁት በአምባዋ ሥር የሚያርሱት ናቸው። በአምባዋ ስም የሚጠራው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ተማሪዎች አሉት፤ ሥዕሎቹን አሳትመው ወደ ተንታ ይዘው ቢወጡ፣ እርሳስና ወረቀት ይበቃቸዋል። 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል እስካሁን እዚያው አምባው ላይ ነው፤ እግረ መንገዳቸውን እርሱንም ያነሡታል። እነዚያን ሽማግሌ በሕይወት ካገኟቸው ደግሞ፣ በሥዕሉ ላይ ጥላ ሆነው የቀሩት ሰዎች የት ይቆሙ እንደነበር ይጠይቁልኝ።