ከመድረክ ከወረዱ በኋላ

በስዊዘርላንድ አገር፣ በሎዛን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረ የባሌት ውዝዋዜ ውድድር አለ። ተወዳዳሪዎቹ ከ15 እስከ 18 ዓመት የሚሆናቸው ወጣቶች ናቸው። ለመጨረሻው ዙር የሚያልፉት ሃያ ያህል ብቻ ስለሆኑ የሚበዙት ሳይመረጡ ይቀራሉ። ታዲያ አንዲት ልጅ ሳትመረጥ ስትቀር ወላጅዋ ምን ሊላት ይገባል?

ብዙ ወላጆች «ዳኞቹ በደሉሽ» ይላሉ። ቃሉ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ዳሩ ግን ልጅቱን ይጎዳል። ነገሩ በደል ከሆነ የምታርመው ምን አለ? እግሯ ስቶ፣ ወይም ከዜማው ቀድማ እንደሆነ እንዳትመረምር በሩን ይዘጋባታል። ከዚህም የከፋው የከፈለውን ገንዘብ የሚቆጥርባት ወላጅ ነው። ልጅቱ ከዚያ ወዲያ የምትወዛወዘው ዕዳ ለመክፈል እንጂ ወድዳው አይሆንም።

በሎዛን ለመጨረሻው ዙር ያላለፉ ተወዳዳሪዎች ከባሌት ትምህርት ቤቶች ኃላፊዎች ጋር የሚገናኙበት ጊዜ ይዘጋጅላቸዋል፤ ሳያሸንፉ የትምህርት ዕድል የሚያገኙም አሉ። በዚህ ለመጠቀም ግን ልጅቱ እንባዋን አብሳ መቅረብ አለባት። ስለዚህ ባልተመረጠችበት ምሽት የወላጅ ተግባር እራት ማቅረብ፣ አጠገቧ መቀመጥና ራሷ እስክትናገር መጠበቅ ነው። ስለ ስሕተቷ የሚነገር ካለ አስተማሪዋ ይንገራት።