ካባው ለሥራ ነው ወይስ ለዝና?

ለተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲ ሴኔት አባላት፣ የሽልማት ኮሚቴዎችና የከተማ አስተዳደር ኃላፊዎች፤

የምጽፍላችሁ ከራያ ቆላ፣ ከዋጃ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ለአየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦኖ የአሜሪካን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳልያ አጠለቁለት። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በእኛ የ1977 ዓ.ም. ረሀብ ስም የተዘፈነው የባንድ ኤይድ ዘፈን 40ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ እንደገና ተቀነባብሮ ወጣ። ከዘፋኞቹ አንዱ ኤድ ሺራን «ፈቃዴን ማንም አልጠየቀኝም፤ ብጠየቅም እምቢ እል ነበር» የሚል ቃል ሰጠ። በረሀባችን ስም የተዘፈነብን የእኛስ ፈቃድ መቼ ተጠየቀ? የሩቁን ለሩቆቹ ትቼ ዝም ባልሁ ነበር። ነገር ግን ያው ዝነኛን በበጎ አድራጎት ስም የማክበር ልማድ እኛም ዘንድ ገብቷል። የምርቃትና የሽልማት ወቅት በመጣ ቁጥር «ላበረከቱት የበጎ አድራጎት ሥራ» እየተባለ ለታዋቂ ሰው ካባ ይደረባል። የሥራው ልክ ሳይነገር፣ የዝናው ልክ ግን ከጭብጨባው እየታወቀ ነው። ከኮረም ግርጌ የሚኖር የራያ ሰው ይህን እያየ ስንት ዘመን ዝም ይበል? ትዕግሥታችን ብዙ ነው፤ ልክ ግን አለው።

እናንተም እኔም ያደግንበት ሥርዓት አንድ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ምጽዋትና ሰደቃ በስውር ሲሰጥ እንደሚበልጥ አስተምረውናል። በወሎ ቅሬው ሬሳ ሲያነሳ፣ ጅጌው የደካማዋን ማሽላ ሲያጭድ ስሜ ይጠራልኝ የሚል የለም። የሚሠራን ሰው ማመስገንም የቆየ ወጋችን ነው። ስለዚህ በጎ ሰው አይከበር አልልም፤ ለዘፈኑ ወይም ለሩጫው የተከበረ ባለሙያም ክብሩ ይገባዋል። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ስለ በጎ አድራጎት ክብር ስትሰጡ የምትመዝኑት ሥራውን ነው ወይስ የሠሪውን ዝና?

ማስረጃዬን ከደጃችን ልጀምር። በ1976 ዓ.ም. አጋማሽ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ረሀቡ እየመጣ መሆኑን ለለጋሽ አገሮች አስታውቆ እህል ጠየቀ፤ በቂ ምላሽ አላገኘም። መስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት ስታከብር፣ እዚህ ገበሬው ልጁን አዝሎ እርዳታ ፍለጋ ወደ ኮረም ይወጣ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን ጋዜጠኞቹ ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን ስለ ረሀቡ የሠሩት ፊልም በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ነቃ። ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ለባንድ ኤይድ ዘፈን ባልደረቦቹን አሰባሰበ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ተካሄደ፤ በ1978 ዓ.ም. እንግሊዝ ለጌልዶፍ የክብር «ናይት» ማዕረግ ሰጠችው። በዚያው በበርክ ዘገባ ላይ የታየች ክሌር በርትሺንገር የምትባል የቀይ መስቀል ነርስ ነበረች። መቀሌ ላይ ምግቡ ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ከተሰለፉት ሕፃናት መካከል የሚገባውንና የሚቀረውን የመምረጥ ሸክም የወደቀው በእሷ ላይ ነው። ያችው እንግሊዝ «ዴም» የሚለውን ማዕረግ የሰጠቻት በ2002 ዓ.ም. ነው። ለዘፋኙ ሁለት ዓመት ያልሞላ ጊዜ በቃ፤ ለነርሷ ሩብ ምዕት ዓመት አለፈ። ኮረም ላይ ውኃ ያመላለሱትን፣ ሬሳ የገነዙትን፣ መቃብር የቆፈሩትን የአገራችንን ሰዎችስ እስከ ዛሬ የትኛው መድረክ ጠራቸው?

የታወቀ ሰው ሁሉ ክብር አይገባውም ማለቴ አይደለም። ካርልሃይንዝ ቦም የአውሮፓ ተመልካች የሚያውቀው የፊልም ተዋናይ ነበር። በ1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ ገንዘብ ከለመነ በኋላ አገራችን መጣ፤ «ሰዎች ለሰዎች»ን አቋቋመ፤ ትወናውንም ለዚሁ ሥራ ተወው። ኢትዮጵያ የክብር ዜግነት የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ2003፣ ሥራውን ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። አዲስ አበባ አደባባይ ብትሰይምለት ማን ይቃወማል? ወይዘሮ አበበች ጎበናን ደግሞ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ መጥተው በረሀብ ከሞተች እናት አጠገብ የቀረች ሕፃን አገኙ፤ ይዘዋት ተመለሱ። ሌሎች ልጆች ሲጨመሩ ትዳራቸውና የሞቀ ቤታቸው ቀረባቸው። ቆሎና እንጀራ እየሸጡ አሳደጓቸው፤ ሰኔ 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉም ከሥራው አልተለዩም። ቦም ዝናውን ለሥራው አዋለው፤ ወይዘሮ አበበችን ግን ያሳወቃቸው ሥራቸው ነው። ሁለቱም ከኪሳቸው ሳይሆን ከዕድሜያቸው ሰጡ። ይህ ሚዛን እያለላችሁ ለአንድ ቀን ጉብኝትና ለአንድ የካርቶን ቼክ ያንኑ ካባ ስታለብሱ፣ የአበበች ጎበናን 40 ዓመት ምን አደረጋችሁት?

«ዝና ገንዘብ ያመጣል፤ ታዋቂውን ካላከበርነው ሌላው አይከተልም» ትሉ ይሆናል። ገንዘብ ማምጣቱ እውነት ነው። ላይቭ ኤይድ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቧል። በ2017 ዓ.ም. ለአረጋውያን መርጃው ለመቄዶንያ ሕንፃ በተደረገው የቀጥታ ሥርጭት ታዋቂ ሰዎች ጥሪ አቅርበው ሕዝቡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ሰጥቷል። የጠራው ምስጋና ይገባዋል፤ እኔም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ያንን ገንዘብ የሰጠው ማን ነው? ከደመወዙ 100 ብር የላከው የቀን ሠራተኛ አይደለም? ለጠሪው ምስጋና፣ ለሰጪው ምስጋና፣ አረጋውያኑን በየቀኑ ለሚያጥበው ደግሞ ክብር ብንል ምን ይጎድላል? ሽልማት ካልተሰጠው የሚያቆም በጎ አድራጊ ካለም፣ ገና ከመጀመሪያው ንግድ ላይ እንደነበረ ይወቅ፤ እናንተም እወቁለት።

«ማንን ይጎዳል?» የሚልም አይጠፋም። ይጎዳል። ክብር በዝና ሲመዘን የበጎ ሥራ ማስረጃው ፎቶ ይሆናል፤ ለፎቶው ደግሞ ደሀ ያስፈልጋል። 15 ኪሎ ስንዴ ለመቀበል ከሌሊት ጀምራ የተሰለፈች እናት፣ የፈረመችበት የአውራ ጣት ቀለም ሳይደርቅ፣ ጆንያውን አቅፋ ወደ ካሜራ እንድትዞር ትታዘዛለች። ስሟን የሚጠይቃት የለም። ምስሏ ግን ለሰጪው ሽልማት ማመልከቻ ይሆናል። የእናንተ እናት ብትሆን ትፈቅዱ ነበር? ሌላም ጉዳት አለ። እንግሊዛዊው የቴሌቪዥን ሰው ጂሚ ሳቪል ለሆስፒታል ገንዘብ በማሰባሰቡ እ.ኤ.አ. በ1990 «ሰር» ተባለ። ሞቶ ዓመት ሳይሞላው በዚያው በጎ አድራጎት ተከልሎ ሕሙማንንና ሕፃናትን ለዓመታት ሲደፍር እንደኖረ ተገለጠ። ማዕረጉ ከሞቱ ጋር ያበቃ ስለነበር መንጠቅ እንኳ አልተቻለም። በሕይወት ሳለ ስሞታ የነበራቸው ግን ያን ማዕረግ ተጋፍተው ማን ያምነናል ይበሉ? ሳይመረመር የተሰጠ ክብር ለበደለኛ ጋሻ ይሆናል።

ውለታ ቢስ እንዳትሉኝ። በ1977 ዓ.ም. ከየአገሩ የመጣው እህል ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ቦኖም በዚያ ዘመን ከባለቤቱ ጋር ወሎ አጅባር ድረስ መጥቶ ሳምንታት አገልግሏል። ይህን አንረሳም። የማንቀበለው ምስጋናችን ሁልጊዜ ወደታወቀው ሰው ብቻ እንዲፈስ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት የቆቦንና የአካባቢውን ሕዝብ ሲያፈናቅል ቤቱን የከፈተ፣ አንድ እንጀራ ለሦስት የቆረሰ የወሎ ቤተሰብ ስንት ነው? ራሱ የተቸገረ ነበር። ለእሱ ካባ የሰፋ የለም፤ እሱም አልጠየቀም። አለመጠየቁ ግን እናንተን ከዕዳ ነፃ ያወጣችኋል?

የተከበራችሁ ሆይ፣ ካባው የእናንተ የግል ንብረት አይደለም፤ የሚደረበው በሕዝብ ስም ነው። ስለዚህ ከመደረቡ በፊት ይህ ሰው ምን ሠራ፣ ስንት ዓመት ቆየ፣ የረዳቸው ሰዎች ስለ እሱ ምን ይላሉ ብላችሁ ጠይቁ። ጠይቃችሁ ታዋቂው ከተገኘ ታዋቂው ይከበር፤ ከሁላችሁ ቀድሜ አጨበጭባለሁ። መልስ ከሌላችሁ ግን እባካችሁ ካባውን አጥፋችሁ አስቀምጡት። ለማይገባው ከምትሰጡት ዓመቱ ያለ ተሸላሚ ቢያልፍ ለእናንተም፣ በስማችን ለተከበረውም፣ ለእኛም ይሻላል።

በአክብሮት፣
ከዋጃ