ተረንጋኑን ከማድነቃችን በፊት የአባቶቻችንን ሸማ እንይ



ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ወጣቶቻችን ሲሰባሰቡ ማሌዥያ ትነሳለች። «እስልምና ማለት እዚያ ነው» ይባላል። ይሄ አይከፋንም። የሚያመን ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ «እኛ ጎጃም ውስጥ ምን ታሪክ አለን? ሸማኔና ነጋዴ ብቻ!»

እሺ፣ ማሌዥያን እንያት፤ ግን በደንብ እንያት። ተረንጋኑ የምትባለውን ግዛት እንውሰድ። በደቡብ ቻይና ባሕር ዳርቻ የተዘረጋች፣ በሱልጣን የምትመራ፣ ከሕዝቧ ከመቶ ከ90 በላዩ ማላይ ሙስሊም የሆነባት አገር ናት። የዝናቡ ወጀብ ሲመጣ ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን አስሮ ይቀመጣል። ታዲያ የምንቀናባት ይህች ግዛት በምን ኮራች?

አንደኛ፣ በቋንቋዋ። እ.ኤ.አ. በ1887 ኩዋላ በራንግ አካባቢ አንድ የተጻፈበት ድንጋይ ተገኘ። ቀኑ 702 ዓመተ ሂጅራ ተብሎ ይነበባል። በላዩ የተቀረጸው የእስልምና ሕግ ነው፤ ፊደሉ የዐረብ፣ ቋንቋው ግን ማላይኛ! ዐረብኛ የሌሉትን የማላይ ድምፆች ለመጻፍም በፊደሉ ላይ ነጥብ ጨምረው አዳዲስ ፊደላት አበጁ። ዩኔስኮ ድንጋዩን በ2009 በዓለም የጽሑፍ ቅርስነት መዘገበው። ይህን የጻፈው ሰው ዐረብኛ ስላነሰው ነው? አይደለም። ሕዝቡ እንዲገባው ስለፈለገ ነው። የእኛስ ዑለማዎች? ወሎ ውስጥ እንደ ሸኽ ጦልሓ ያሉ ታላላቆች አማርኛን በዐረብ ፊደል ጽፈው ሕዝቡን አስተማሩ። ዐጀሚ እንለዋለን። እነሱ ድንጋያቸውን በክብር አስቀመጡ። እኛ የአያቶቻችንን ወረቀት ሳጥን ውስጥ ለብል ትተናል።

ሁለተኛ፣ በሸማ ሥራዋ። የተረንጋኑ ሴቶች በወርቅና በብር ክር የሚሸምኑት ሶንግኬት የሚባል ልብስ አለ። ሱልጣኑ ይለብሰዋል፣ ሙሽራም ይደምቅበታል። ዩኔስኮ በ2021 የማሌዥያ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ወንድማችን ሆይ! አንተ «ሸማኔ ብቻ» ብለህ ያፈርክበት ሙያ እዚያ የቤተ መንግሥት ጌጥ ነው።

ሦስተኛ፣ በገበሬዋ። እ.ኤ.አ. በ1928 ሐጂ ዐብዱረሕማን ሊምቦንግ የሚባሉ ዓሊም የመሩት ገበሬ፣ የአባቶቹን መሬት ለማረስ ከእንግሊዝ አስተዳደር ፈቃድ አልወስድም ብሎ ተነሳ። ሐጂው ወደ መካ ተጋዙ። የጎጃም ገበሬም በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ግብር ላይ ተነስቷል። የሩቁን ስንሰማ ጀግንነት፣ የቅርቡን ስንሰማ ተረት የሚሆንብን ለምንድን ነው?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አባቶቻችን ለምን ሸማኔና ነጋዴ ሆኑ? ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። በዚህ አገር ሙስሊም የርስት ባለቤት እንዳይሆን ለዘመናት ተከልክሏል። መሬት የተነፈገ ሰው ድርና ማግ ያዘ፣ አጋሰስ ጫነ። መሬት ለሁሉም የሆነው በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። እስከዚያ ግን ነጋዴው ከጊቤ ማዶ ተነስቶ፣ ዐባይን ተሻግሮ፣ በባሶ ገበያ አልፎ ጎንደርና ምጽዋ ይደርስ ነበር። ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ተነግዶበታል፤ ሰውም ተሽጦበታል። ይህንንም አንደብቅም፤ ታሪክ ሲጻፍ ክፉውም ይጻፋል።

ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ነጋዴውን «መጫኛ ነካሽ» ብሎ መሳደብ የተለመደ ስለነበር፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ ያንን ስድብ በአባቱ ላይ የሚደግመው የሸማኔው ልጅ ከሆነ ምን ይባላል?

«እነሱ ብዙ ናቸው፣ እኛ ጥቂት ነን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በምዕራብ ጎጃም ከመቶ ሁለት አንሞላም። ስለዚህ ተረንጋኑ በብዛቷ የምታደርገውን እኛ አንችልም፣ አንመኝምም። ከክርስቲያን ጎረቤታችን ጋር ቡና የምንጠጣ፣ ለቅሶ የምንደራረስ ሰዎች ነን። ቋንቋን ለማክበር፣ ሙያን ላለመናቅ፣ አባትን ለመጠየቅ ግን ብዛት አያስፈልግም። እንዲያውም ጥቂት የሆነ ሕዝብ ካልጻፈ ማንም አይጽፍለትም። ያልተጻፈ ደግሞ ነገ «እንግዳ ነህ፣ ከየት መጣህ?» ሲባል መልስ ያጣል።

ስለዚህ አደራ እንላለን። በዚህ ክረምት ስልክህን ይዘህ አያትህ ዘንድ ተቀመጥ። መጀመሪያ የመጡት ከየት ነበር? ማን ዘንድ ቀሩ? የት ተቀበሩ? ብለህ ጠይቅና ቅዳ። እህታችን፣ አንቺም እናትሽ የፈተሉትን፣ አባትሽ የጣሉትን ጥለት ስሙን እየጠየቅሽ ፎቶ አንሺ። ሳጥን ውስጥ ያለውን የዐጀሚ ወረቀት ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ገጽ በገጽ አንሱት። ሽማግሌ በሞተ ቁጥር አንድ ኪታብ ይዞ ይቀበራል፤ ቀብሩ ላይ ቆመን የምናዝነውን ያህል በሕይወት ሳለ ብንጠይቀው ኖሮ ስንት ነገር በተረፈ!

ማሌዥያ ሄዶ መማር የሚፈልግ አላህ ያግራለት። ግን ከመሄዱ በፊት አባቱ የሸመኑትን ጋቢ ይልበስ። እዚያ ሲደርስ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ያኔ የሚመልሰው እንዳያጣ።

አላህ አባቶቻችንን ይማርልን፣ እኛንም አደራ ጠባቂ ያድርገን። አሚን!