«ባሕር የት አለንና?» ለምትሉ

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የዓለም አቀፍ ባሕር ጥበቃ ፖሊሲ ተምሬ በዚያው መሥራት እፈልጋለሁ ብላ ብትጽፍ ኮሜንቱ ሁሉ ሳቅ ሆነ። «ባሕር የት አለንና?»

ሾላ ገበያ የምትገዙት ፓልም ዘይት በምን መጣ ታዲያ? (ቅቤውን ተዉት፣ እሱ የራሳችን ነው።) በመርከብ፣ በጅቡቲ በኩል! የራሳችን የንግድ መርከቦች አሉን። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መርከበኛ ያሠለጥናል። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት አባል ነን። ለንደን ላይ ስለ መርከብ ጭስና ቆሻሻ ሲመከር የእኛም ወንበር አለ። ወጪው ዞሮ ዞሮ ዘይቱ ዋጋ ላይ ነው የሚያርፈው። እዚያ ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ? የገባው ሰው ወይስ አበል ሊበላ የሄደ?

ፌስታሉስ? እርግጥ የአዲስ አበባ ወንዝ ውስጥ የጣልነው ባሕር አይደርስም፤ አዋሽ አፋር ወርዶ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ዓባይ ግን ሜዲትራኒያን ይገባል። ፓርላማችን በ2017 ዓ.ም. ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ጄኔቫ ላይ ግን የዓለም የፕላስቲክ ስምምነት ድርድር በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ያለ ውጤት ተበተነ። ገና ብዙ ተደራዳሪ ያስፈልጋል።

አንቺ ልጅ፣ ኬሚስትሪሽንና እንግሊዝኛሽን አጥብቂ። ሕግም ጨምሪበት። የሚስቁትን ብሎክ አድርጊ።