ዲግሪው ነው ወይስ ወንበሩ?

ነገርን ነገር ያነሣዋል። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ እኛ ጉለሌዎች የማንሰማው ትምህርት የለም። ሽሮ ሜዳ አካባቢ በተጠራ አንድ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አዳራሹንም ሰብሳቢዎቹንም አልጠቅስም፤ ተመሳሳያቸው በየሰፈሩ ስላለ አንዱን ነጥሎ መክሰስ አድልዎ ይሆናል። እናላችሁ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ የዘለለ አንድ ሸማኔ ጎረቤቴ እጃቸውን አወጡና እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦

«ልጄ፣ ለጥበቡ የሚሆነን ክር ከውጭ ነው የሚመጣው። ዋጋው ጨመረ። ነጠላውን የሚገዛን ሰው ደመወዝ ግን ያው ነው። ታዲያ ልዩነቱን ማነው የሚከፍለው?»

መድረክ ላይ የነበረው ወጣት ፈገግ አለ። «አባባ፣ ይሄ የኢኮኖሚክስ ጉዳይ ነው። በሙያው የተማረ ሰው ነው የሚረዳው። ለጊዜው የሚታይ ማስተካከያ ነው» ብሎ ወደ ቀጣዩ ጠያቂ አለፈ። አዳራሹ ሳቀ። ሽማግሌው ተቀመጡ።

እኔን ያንገበገበኝ የልጁ ድፍረት ብቻ አይደለም። እኔም ያንኑ ትምህርት የተማርኩ ሰው ነኝ። የሽማግሌው ጥያቄ የትምህርቱ ዋና ጥያቄ መሆኑን እያወቅሁ አፌን ዘግቼ መቀመጤ ነው ያንገበገበኝ። ይህን ጽሑፍ የዚያ ዝምታዬ ካሣ አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ።

ለመሆኑ ኢኮኖሚክስ መማር ሰውን ወደ አንድ የፖለቲካ ወገን ያዘነብላል? ፈረንጆቹ በዚህ ብዙ ተከራክረዋል። ጆርጅ ስቲግለር የተባለው የቺካጎ ሰው እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኢኮኖሚክስን በሙያነት ያጠና ሰው ወደ ወግ አጥባቂነት፣ ማለትም ወደ ገበያና ወደ ግል ንብረት ወገን ያደላል ሲል ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ማርዌልና ኤምስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለሰዎች ገንዘብ እየሰጡ «ከዚህ ውስጥ ለጋራው ስንት ታዋጣላችሁ?» ብለው ፈተኑ። ሌላው ተፈታኝ በአማካይ 49 በመቶ ሲያዋጣ የኢኮኖሚክስ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ 20 በመቶ ብቻ አዋጡ። ሰዎቹ ስስታም ሆነው ነው ትምህርቱን የመረጡት ወይስ ትምህርቱ ነው ስስታም ያደረጋቸው? ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

እስቲ ያንን ፈተና ጉለሌ አምጡት። ሸማኔዎቻችን ዕቁብ ይጥላሉ። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ታቅፎ ቢሰወር የመማሪያው መጽሐፍ «ጥቅሙን የሚያውቅ ሰው» ይለው ይሆናል። እሱ ግን በየሳምንቱ እየመጣ እስከ መጨረሻው ይጥላል። ለምን ቢባል፣ ዋስ ጠርቷል፤ ዕድር አለበት፤ ነገ ቢሞት የሚቀብረው ያው ጎረቤቱ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት እኮ የሸማኔ ኢኮኖሚክስ ነው! ይህን ግን ዲግሪ ብሎ የሚሰጥ የለም።

ወደ አገራችን ፖለቲካ ስንመጣ ነገሩ ከፈረንጆቹ ይለያል። እዚህ ትምህርቱ ሰውን ከማዘንበሉ በፊት ቤተ መንግሥቱ ትምህርቱን ያዘነብለዋል።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ በጃንሆይ ዘመን የተማረበት ወፍራም የአሜሪካ መጽሐፍ አለ፤ ፍላጎትና አቅርቦት ይላል። እኔ በደርግ ጊዜ የተማርኩበት፣ ሞስኮ የታተመ የፖለቲካል ኢኮኖሚ መጽሐፍ አለ፤ ትርፍ እሴትና ብዝበዛ ይላል። ልጄ በኢሕአዴግ ዘመን የጻፈችበት ደብተር አለ፤ ልማታዊ መንግሥትና ኪራይ ሰብሳቢነት ይላል። ሦስታችንም «ይህ ሳይንስ ነው» ተብለን ነው የተማርነው። ሦስታችንም ሸምድደን አልፈናል። ሳይንሱ ግን በየመንግሥቱ ልብስ ይቀይራል!

ታሪኩን እናስታውስ። በ1967 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ባንኩና ኢንሹራንሱ፣ ፋብሪካው፣ የገጠር መሬቱ፣ ትርፍ ቤቱ ሲወረስ ይህ የኅብረተሰብ ሕግ መሆኑን የሚያስረዳ የተማረ ሰው አልጠፋም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ሲሉ ቅይጥነቱም ሕግ መሆኑን የሚያስረዳ አልጠፋም። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ኢሕአዴግ ገባ። በ1985 ዓ.ም. መባቻ የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወጣ፣ ትናንት የዓለም የገንዘብ ድርጅትን የኢምፔሪያሊዝም መሣሪያ ሲል የነበረ አፍ «መዋቅራዊ ማስተካከያ» እያለ ያብራራ ጀመር። በዚያው በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተባረሩ። ለቀሩት የተላለፈው መልእክት ግልጽ ነበር፦ ሳይንሱን አስተምሩ፣ ጥያቄውን ተዉት።

ሁለት ሰዎችን ላንሣ። አቶ መለስ ዜናዊ የሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው በ1967 ዓ.ም. በረሃ ገቡ። በ1977 ዓ.ም. ማሌሊት ሲመሠረት ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። የኢኮኖሚክስ ዲግሪው የመጣው ከወንበሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በንግድ አስተዳደር፣ በ2004 ደግሞ ከሮተርዳሙ ኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ማስተርሳቸውን አገኙ። ስቲግሊትዝ እንኳ በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ከብዙ ዓለም አቀፍ ሹማምንት ይልቅ ኢኮኖሚክስ የሚገባቸው ሰው ናቸው ሲል አሞግሷቸዋል። ደግ። ሰውዬው አንባቢ እንደነበሩ ጠላታቸውም አይክድም። ነገር ግን ያ ሁሉ ንባብ የት አደረሳቸው? መሬት አይሸጥም፣ የውጭ ባንክ አይገባም፣ ቴሌ አይነካም፣ የተቃወመ ሁሉ «ኒዮሊበራል» ነው። ይህ ደግሞ በረሃ ይዘውት ከገቡት እምነት ብዙም የራቀ አይደለም።

ዶክተር ብርሃኑ ነጋስ? እሳቸውም በወጣትነታቸው የኢሕአፓ ሰው ነበሩ። ዶክትሬታቸውን የሠሩት በግራ ዘመም ኢኮኖሚስቶቹ በሚታወቀው በኒውዮርኩ ኒው ስኩል ነው። እንደ ትምህርት ቤታቸው ቢሆን ኖሮ ከአቶ መለስም ወደ ግራ በቆሙ ነበር። ግን በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የተሰለፉት መሬት የግል ይሁን ይል ከነበረው ከቅንጅት ጋር ነው። ለአዲስ አበባ ከንቲባነት ተመርጠው ዕጣቸው እስር ቤት ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። አንባቢ ሆይ፣ ዲግሪው ያው ነው። ከተቃዋሚ ወንበርና ከሚኒስትር ወንበር የሚሰማው ድምፅ አንድ ነው ወይ? ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

እንግዲህ ሁለት የኢኮኖሚክስ ሰዎች ከአንድ ግራ ዘመም ትውልድ ተነሥተው፣ ተምረው፣ በአንድ ምርጫ ፊት ለፊት ቆሙ። ታዲያ ያዘነበላቸው ትምህርቱ ነው የሚለኝ ማነው?

የሰሞኑማ የባሰ ነው። ልማታዊ መንግሥት ሲባል ያጨበጨቡ እጆች እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ «አገር በቀል የኢኮኖሚ ማሻሻያ» ሲባልም አጨበጨቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ በዚያው ዕለት የገንዘብ ድርጅቱ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። «ኒዮሊበራል» የሚለው ስድብስ የት ገባ? ማንም አልቀበረው፣ ማንም አላለቀሰለት፣ ብቻ ጠፋ!

ለእውነት መቆም ስላለብኝ አንድ ነገር ልመን። ማሻሻያው ምክንያት የለውም አልልም። ጥቁር ገበያው ከባንኩ እጥፍ ሲመነዝር በነበረበት ጊዜ ርካሹ ዶላር ይደርስ የነበረው ባለ ዘመዱ ጋ ነበር። ደርግም የእህል ዋጋ ቆርጦ ኮታ ሲጥል ውጤቱን ቀድሞ ለማየት የትምህርቱ እርዳታ ያስፈልግ ነበር። ትምህርቱ ዋጋ አለው። እኔ የምቃወመው ትምህርቱን እንደ ዱላ ይዞ የሽማግሌን አፍ መዝጋትን ነው። «በገበያ ይወሰን» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ማን ይክፈል» ማለት ሌላ። የመጀመሪያውን ባለሙያ ሊያሰላው ይችላል። ሁለተኛው ግን ፖለቲካ ነው፤ የፖለቲካ ጥያቄ ደግሞ የሸማኔውም ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ያነበበ ይህን ያውቀዋል። ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር እንዴት እንደሚደኸይ ያስረዳል። የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥት ግምጃ ቤት ይለይ ብለውም ጽፈዋል። አገሪቱ ያን ጊዜ አንድ ዩኒቨርሲቲ እንኳ አልነበራትም! ሰውዬው ግን የወንበሩን ፊት አይተው አልጻፉም። ማን ይሠራል፣ ማን ይበላል ብለው ነው የጠየቁት። ከመቶ ዓመት በኋላ ሽሮ ሜዳ ላይ የተነሣውና የተሳቀበት ጥያቄ ያው ነው።

እናንተ የዛሬ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች፣ ግራ ዘመም ሁኑ ቀኝ ዘመም፣ ለእኔ ግድ የለም። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ቅርብ ነው። አንድ ቀን ደብተራችሁን ይዛችሁ ውጡና ከአንድ ሸማኔ ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጡ። ድሩ ስንት ገባ፣ ማጉ ስንት ገባ፣ ስንት ቀን ተሠራ፣ በስንት ተሸጠ፣ ስንት ተረፈ ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ ብትወጡ «ለእርስዎ አይገባዎትም» ለማለት አፋችሁ አይታዘዝላችሁም። የሚመጣው መንግሥት ልብሱን ሲቀይር አብራችሁ እንዳትቀይሩ ይህን አራት ቃል ያዙ፦ ማን አተረፈ? ማን ከፈለ?

ከስብሰባው ማግሥት ሽማግሌው ቤት ሄጄ ነበር። ዝም በማለቴ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። መወርወሪያቸውን ሳያቆሙ ቀና ብለው አዩኝና «ግድ የለም፣ አንተም ልጆች አሉህ» አሉኝ።

ተምሬአለሁ የምል ሰው ከዚህ የባሰ ምን ይባላል?

ልቦና ይስጠን። ቸር ያሰማን።