መብራት ይጠፋል ብለን የምንሞላው ባትሪ

በአምደኛው

«ስገዛው 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለውኝ ነበር፤ አሁን 300 እንኳ አይደርስም፤ ባትሪው አልቋል መሰለኝ።» በኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ዘንድ እንዲህ ያለው እሮሮ የተለመደ ሆኗል። በቀላሉ የሚታለፍ እሮሮ አይደለም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ለከተማ ቤተሰብ አዲስ መኪና መግዛት ማለት ባትሪ መግዛት ማለት ሆኗል። በአገሪቱ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ከ100 ሺህ ማለፉን መንግሥት ሲገልጽ ቆይቷል። ከነዚህ መኪኖች አካላት ሁሉ ውዱ ደግሞ ባትሪው ነው። ስለዚህ ባትሪው እያለቀ ነው ወይ ብሎ የሚጨነቅ ሰው ስለ ጥሪቱ እየተጨነቀ ነው።

ጭንቀቱ ይገባኛል፤ የተሰነዘረበት አቅጣጫ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። ባትሪዎቻችን በአብዛኛው በምንፈራው ፍጥነት እያረጁ አይደለም። ዕድሜያቸውን ከሚያሳጥሩት ነገሮች አንዱ ይልቁንም መብራት ይጠፋል የሚለው ፍርሃታችን ነው፤ ለዚህ ፍርሃት ደግሞ ባለመኪናው ብቻውን ተጠያቂ አይደለም።

መጀመሪያ «ጠፋ» የተባለውን ርቀት እንፈልገው። ወደ እኛ ከሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ የሚነገርላቸውም ርቀት «ሲኤልቲሲ» በሚባለው የቻይና መለኪያ የተገኘ ነው። በዚህ ሙከራ የመኪናው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛው ደግሞ 114 ነው። አውሮፓውያን በሚጠቀሙበት «ደብሊውኤልቲፒ» አማካዩ ከ46 ያልፋል፣ ከፍተኛው 131 ይደርሳል። በዝግታ የሚፈተን መኪና ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ሆኖ መታየቱ አይቀርም። ቢዋይዲ ሲገል የምትባለውን ትንሽ መኪና እንውሰድ። ትልቁ ባትሪዋ 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በቻይናው መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ብናካፍለው ለ100 ኪሎ ሜትር 9.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ትፈጃለች ማለት ነው። አራት ሰው ጭና ዳገት የምትወጣ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 13 ብትፈጅ የሚደንቅ አይሆንም፤ ያኔ ርቀቷ 300 ላይ ያበቃል። ባትሪው ቅንጣት ሳያረጅ 100 ኪሎ ሜትር ከሒሳቡ ወጣ።

ቀጥሎ ያለው ሌባ መንገዱ ነው። አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ወደ አዳማ ስንወርድ የዚህን ከፊሉን መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባልናል፤ ስንመለስ ግን ሙሉውን ያስከፍለናል። በዚያ ላይ መንገዱ የፍጥነት መንገድ ነው። በ120 የሚነዳ ሰው በ80 ከሚነዳው ይልቅ ከሁለት እጥፍ በላይ የአየር ግፊት ይገፋል። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቀሪ ኪሎ ሜትር ደግሞ ቀደም ሲል የተነዳበትን ሁኔታ አይቶ የሚሰጥ ግምት ነው። ቁልቁለቱን ሲወርድ የጨመረው ቁጥር ዳገቱን ሲወጣ ቢያሽቆለቁል ባትሪው ታሟል ማለት አይደለም።

እውነተኛው እርጅናስ? እሱም አለ። ጂኦታብ የተባለው የተሽከርካሪ መረጃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ትንተና ባትሪዎች በዓመት በአማካይ 2.3 በመቶ አቅም እንደሚቀንሱ ገልጾ ነበር። በ2024 ከ10 ሺህ በላይ ተሽከርካሪዎችን መረጃ ተመልክቶ ቁጥሩን ወደ 1.8 በመቶ ዝቅ አደረገው። በዚህ ስሌት ዛሬ በእውነት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከስምንት ዓመት በኋላ 255 ገደማ ይሄዳል። ይህ አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ በሁለት ወገን የቆሙ ሰዎችን ይሸፍናል። አንዱን ከሌላው የሚለየው ሙቀት፣ አሞላልና አነዳድ ነው።

የሙቀትን ክፋት ዓለም የተማረው አሪዞና ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የፊኒክስ ከተማ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች የባትሪያቸው አቅም ቶሎ እየወረደ መሆኑን እየመዘገቡ አደባባይ ወጡ። የዚያ መኪና ባትሪ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ አልነበረም፤ የከተማው በጋ ደግሞ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ውሎ አድሮ ኩባንያው ለባትሪው አቅም የአምስት ዓመት ዋስትና ለመስጠት ተገደደ። በተቃራኒው ሚኒሶታ ያለው ወገናችን በበረዶው ወራት ርቀቱ ክፉኛ ሲያጥርበት ይደነግጣል፤ ያ ግን አየሩ ሲሞቅ የሚመለስ ነው። አዲስ አበባ ከሁለቱም ነጻ ናት ለማለት ይቻላል። የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 16 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለሊቲየም ባትሪ ይህን የመሰለ ማደሪያ ያላቸው ዋና ከተሞች ጥቂት ናቸው። ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ላለ ሰው ግን የፊኒክስ ታሪክ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ጥላ ፈልጎ ማቆም፣ ጥግ ድረስ የተሞላ መኪና ፀሐይ ላይ አለማዋል ለእሱ ግዴታ ነው።

አየሩ ካልበደለን እንግዲህ ልማዳችንን እንይ። ባትሪ ጥግ ድረስ ሲሞላ ውስጡ ያለው ቮልቴጅ ከፍ ይላል። እዚያ ከፍታ ላይ በቆየ ቁጥር ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ እየተበላሸ በኤሌክትሮዱ ላይ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ በወፈረ መጠን ሊቲየም ተይዞ ይቀራል፤ የተያዘው ሊቲየም ዳግመኛ ለሥራ አይመለስም። ስለዚህ መሙላቱ ብቻውን ያን ያህል አይጎዳም፤ ተሞልቶ ረጅም ጊዜ መቆሙ ነው የሚጎዳው። የእኛ አገር ልማድ ግን በትክክል ይኸው ነው። መኪናው ማታ ይሰካል፣ ሌሊቱን ሞልቶ ያድራል፣ ጠዋት 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ በር ላይ ተሞልቶ ይውላል፣ ማታ እንደገና ይሰካል። ለምን ሲባሉ ብዙዎቹ ባለቤቶች አንድ መልስ አላቸው፤ «ነገ መብራት ቢጠፋስ?»

ይህን ፍርሃት በቁጥር እንፈትሸው። 220 ቮልት ላይ 10 አምፔር የሚስብ ተራ የቤት ቻርጀር 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል። በስምንት ሰዓት ውስጥ ከቆጣሪው 17.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያልፋል፤ የሚባክነው ተቀንሶ ባትሪው ውስጥ 15 ገደማ ይገባል፤ ይህ ለመካከለኛ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአያት ፒያሳ ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእውነት 300 የሚሄድ መኪና 80 በመቶ ላይ ቢቆም 240 ኪሎ ሜትር በእጁ አለ። ለዚህ ሰው መብራት ሦስት ሌሊት በተከታታይ ቢጠፋም ሥራው አይስተጓጎልም። በየቀኑ የሚሞላት የመጨረሻዋ 20 በመቶ ከምንም አታድነውም፤ ባትሪውን ግን ታስረጅበታለች።

ለራይድ ሹፌሩ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በቀን 150 እና 200 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ፣ ልጆቹን በዚያው ገቢ ለሚያሳድግ ሰው 80 በመቶ ላይ አቁም ማለት የቀኑን የመጨረሻ ተሳፋሪ ተው ማለት ነው። ተከራይቶ ለሚኖረው፣ አከራዩ «ቆጣሪዬን ጨረስክብኝ» እያለ በሦስት ቀን አንዴ ብቻ ለሚያሰካውም ያው ነው፤ ባገኘ ጊዜ ጥግ ድረስ ቢሞላ አይፈረድበትም። የጥንቃቄ ምክራችን ሁሉ የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ላለው ሰው የተጻፈ መሆኑን አንርሳ።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ፤ ባትሪ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ባትሪ ለዕለት ሥራ 80 በመቶ አካባቢ ላይ ቢቆም ይመከራል። በቻይና መኪኖች ላይ የሚበዛው ግን ሊቲየም አይረን ፎስፌት ወይም በአጭሩ ኤልኤፍፒ የሚባለው ነው። ይህኛው ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ብዙ ጊዜ ቢራገፍ ይችላል፤ ነገር ግን ከላይ እስከ ታች ቮልቴጁ ብዙም ስለማይለዋወጥ ኮምፒዩተሩ ምን ያህል እንደቀረው ለማወቅ ይቸገራል። እንደ ቴስላ ያሉ አምራቾች ኤልኤፍፒ ባትሪ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ 100 በመቶ ይሞላ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ቆጠራው እንዲስተካከል ነው። ስለዚህ የባትሪውን ዓይነት ማወቅ የባለቤቱ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ኤልኤፍፒ ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን ይሙላው፤ ከተቻለም ሊነሳ ሲል እንዲሞላ ሰዓቱን ያስተካክል፤ በቀረው ጊዜ መሐል ላይ ያኑረው።

የእንጦጦ ግርጌ ነዋሪ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለው። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይል ይሰበስባል። ባትሪው ጥግ ድረስ ሞልቶ ከሆነ ግን የሚሰበሰበው ኃይል ማረፊያ አያገኝም። ሽሮ ሜዳ ላይ 100 በመቶ ሞልቶ ወደ መሐል ከተማ የሚወርድ ሰው ቁልቁለቱ በነጻ የሚሰጠውን ይመልሳል፣ በምትኩም ፍሬኑን ይበላል።

ወደ ሶኬቱ እንምጣ፤ እኔን ከባትሪው ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ መኪና በ16 አምፔር ሲሰካ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። ጭነታቸው ተቀራራቢ ነው። ምጣዱ ግን አንድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይነቀላል፤ አጠገቡም ጋጋሪዋ አለች። መኪናው ሁሉ ሰው ተኝቶ ሳለ ስምንትና አሥር ሰዓት ያለማቋረጥ ይስባል። የላላ ሶኬት፣ ቀጭን ሽቦ፣ ባለብዙ ቀዳዳ ዲቫይደር ይህን አይችሉም። ለመኪናው ከብሬከሩ የሚነሳ የራሱ መስመር፣ በልኩ የወፈረ ሽቦና የሚሠራ ኧርዝ ያስፈልገዋል። ኧርዝ የለም ብሎ አልሞላም የሚል ቻርጀርን በሽቦ አታልሎ ማሠራት ከሕይወት ጋር መጫወት ነው። ሶኬቱ ከጋለ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ያን ሌሊት አይሰካ፤ ኤሌክትሪሺያን ይጠራ። ከኮንዶሚኒየም መስኮት እስከ ምድር የሚንጠለጠለው ኬብል ደግሞ የአንድ ሰው ጥፋት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ሕንፃዎቹ መኪና ቻርጅ ይደረግባቸዋል ተብለው አልተሠሩም።

የመንግሥት ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ኃይሉ አለ፤ ጥያቄው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ግቢያችን ያለው መንገድ ነው። የኤሌክትሪክ አገልግሎት በየአካባቢው የሚያቋርጥበትን ሰዓት አስቀድሞ ቢያሳውቅና ቃሉን ቢጠብቅ ሰው በፍርሃት ፈንታ በዕቅድ ይሞላል። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባ ውስጥ የከፈታቸው ዓይነት ፈጣን ጣቢያዎች መብዛታቸው ለራይድ ሹፌሩ እፎይታ ነው። ለቤት መስመር ምርመራም አገልግሎቱ ግልጽ ደረጃና የታወቀ ዋጋ ያውጣ፤ ሰው ለምጣድ የሚጠራውን ሠራተኛ ለመኪና እንዳይጠራ።

ከሁሉ በላይ ግን የባትሪ ጤንነት በወረቀት ላይ ይስፈር። ዛሬ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ከደላላው አፍ በቀር ማስረጃ የለውም። በይፋ ወኪል በኩል ላልገባ መኪና የአምራቹን የስምንት ዓመት ዋስትና እዚህ ማስፈጸም አስቸጋሪ ነው። ሌላው ዓለም መልሱን ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የቴክኒክ ደንብ ባትሪ በአምስት ዓመት ወይም በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር 80 በመቶ፣ በስምንት ዓመት ወይም በ160 ሺህ ኪሎ ሜትር ደግሞ 70 በመቶ አቅሙን ይዞ እንዲገኝ መለኪያ አስቀምጧል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2027 ጀምሮ የመኪና ባትሪዎች ዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖራቸው ደንግጓል። እኛ ዘንድ ብዙ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ ቦሎ አለን። በየዓመቱ ፍሬንና መብራት የሚያየው መርማሪ የባትሪውንም ጤንነት ከመኪናው ኮምፒዩተር አንብቦ ይመዝግብ፤ ስም ሲዛወርም ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይተላለፍ።

እንዲህ ያለ መዝገብ ሲኖር ባትሪውን በጥንቃቄ የያዘ ሰው ሲሸጥ ዋጋውን ያገኛል፤ 80 በመቶ ላይ ማቆም ያኔ ምክር መሆኑ ቀርቶ ጥቅም ይሆናል። ፊኒክስ ላይ ኩባንያውን ዋስትና ያሰጠው የባለቤቶቹ እንባ ሳይሆን የመዘገቡት ቁጥር ነበር። አገር ዜጎቿ ከነዳጅ ወደ ባትሪ እንዲሸጋገሩ በመመሪያ ካዘዘች፣ የባትሪው እርጅና የባለመኪናው የግል ዕዳ ሆኖ እንዲቀር መተው አይገባትም። ባለመኪናው ልማዱን ያስተካክል፤ ያዘዘውም አካል መስመሩንና መዝገቡን ያስተካክል።